ስድስተኛው መንገድ፦ እማዬን ይዤ ወደ ፊላደልፊያ

ብዙዎቻችን አሜሪካን ታሪክ የሌላት አገር አድርገን ነው የምናያት። ከአክሱምና ከላሊበላ አገር ለመጣ ሰው 250 ዓመት ምን አላት? እማዬ ለጥየቃ ከአዲስ አበባ መጥታ ዋሽንግተንን ሳስጎበኛት ያለችኝም ይህንኑ ነው። "ሕንፃው መቼም ግሩም ነው። ታሪኩ ግን ገና የትናንት ነው።"

እኔ በዚህ አልስማማም። ከተማን ታሪካዊ የሚያደርገው ዕድሜው ብቻ አይደለም። እዚያ ቦታ ላይ ሰዎች ምን ቃል ገቡ? ቃሉን ማን አጠፈው? ማንስ "ቃላችሁን ጠብቁ" ብሎ ተሟገተ? ለእኔ ዋናው ይህ ነው። ይህን ሁሉ በእግር በሚዳረስ ቦታ ሰብስቦ የያዘ ከተማ ደግሞ ፊላደልፊያ ነው። ስለዚህ እማዬ ወደ አገሯ ከመመለሷ በፊት፣ አምስተኛ ክፍል የገባችውን ልጄንም ጨምሬ፣ ሁለት ቀን እዚያ ልንቆይ ነው። ሰሞኑን ማታ ማታ ሥራዬ ይህን ጉዞ ማቀድ ሆኗል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጉብኝት የሚመክሩ ጽሑፎችን ብታነቡ ዝርዝሩ አንድ ዓይነት ነው። ሊበርቲ ቤል የሚባለውን የነጻነት ደወል እዩ፣ የነጻነት አዋጁ የጸደቀበት ኢንዲፔንደንስ ሆል ግቡ፣ በፊልም የታወቀውን የአርት ሙዚየም ደረጃ ሮጣችሁ ውጡ፣ ቺዝስቴክ የሚባለውን የሥጋና የአይብ ሳንድዊች ብሉ፣ ተመለሱ። ልጄ ደረጃውን ብትሮጥበት ደስ ይላታል። የእማዬ ጉልበት ግን ለዚህ አይሆንም። ደግሞ በአንድ ቀን አሥር ቦታ የረገጠን ሰው ማታ ላይ ምን አየህ ብትሉት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ነው የሚያሳያችሁ።

ካርታውን ከፍቼ ትኩር ብዬ ሳየው ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ላሳያቸው ከምፈልገው አብዛኛው በአንድ መንገድ ላይ ወይም ከሱ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይገኛል፤ ሲክስዝ ስትሪት፣ ስድስተኛው መንገድ። ከሬስ ስትሪት እስከ ሎምባርድ ስትሪት ያለው ርቀት አንድ ማይል አይሞላም። መሬቱ ሜዳ ነው። መሃል ላይ ባለው መናፈሻ አግዳሚ ወንበር አይጠፋም። እማዬ ስትደክም ትቀመጣለች፣ ደግሞ እንነሳለን።

መንገዶቹ እንዲህ ቀጥ ያሉት በአጋጣሚ አይደለም። የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ለዊልያም ፔን አባት ዕዳ ነበረበት። አባትየው ሲሞቱ ልጁ በ1681 በዕዳው ፈንታ መሬት ተሰጠው፤ ፔንሲልቬኒያ ማለት ነው። ፔን ኩዌከር የሚባለው የክርስትና እምነት ተከታይ ነበር። በእምነቱ ምክንያት እንግሊዝ አገር ታስሯል። ለንደንን በ1665 ወረርሽኝ፣ በ1666 ደግሞ እሳት ሲጨርሳት የኖረ ሰው ስለሆነ፣ አዲሷ ከተማ ሰፋፊ መንገድና በየቤቱ አትክልት እንዲኖራት ፈለገ። በዕቅዱ ላይ የተሠመሩት አምስት አደባባዮች ዛሬም አሉ።

በአይ-95 አውራ ጎዳና ነድተን መሄድ እንችል ነበር። ግን በዚያ ትራፊክ ደክመን ደርሰን ደግሞ ፓርኪንግ ፍለጋ መዞር አልፈለግሁም። ባቡር ከዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው። ቲኬቱ ቀደም ብሎ ሲቆረጥ ይረክሳል። 65 ዓመት የሞላው ሰው ደግሞ ቅናሽ አለው፤ ስትቆርጡ ዕድሜውን በትክክል መሙላት ነው።

ባቡሩን የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ። የምንወርድበት ሰርቲዝ ስትሪት ጣቢያ ራሱ መታየት ያለበት ነው። በትልቁ አዳራሽ አንድ ጫፍ ላይ ወደ 12 ሜትር የሚጠጋ የነሐስ ሐውልት ቆሟል። ክንፉን ወደ ላይ ያቆመ መልአክ የሞተ ወታደር በብብቱ ደግፎ ከእሳት ያነሳል። መልአኩ ቅዱስ ሚካኤል ነው። ሐውልቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ 1,307 የፔንሲልቬኒያ ባቡር ድርጅት ሠራተኞች መታሰቢያ ሆኖ በ1952 ቆመ። የሁሉም ስም ከሥሩ ተጽፏል፣ በፊደል ተራ። እማዬ በየወሩ በ12 ሚካኤልን ሳትሳለም አትውልም። ከተማዋን ስትረግጥ መጀመሪያ የምታየው እሱን እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ከዚያ ምድር ውስጥ በሚሄደው ባቡር ጥቂት ፌርማታ ተጉዘን አምስተኛው መንገድ ላይ እንወርዳለን። ሽማግሌና ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው አንድ ምክር ልስጥ። መጀመሪያ ስድስተኛው መንገድና ማርኬት ስትሪት ጥግ ያለው የጎብኚዎች ማዕከል ግቡ። መጸዳጃ ቤት እዚያ አለ፤ ታሪካዊው አዳራሽ ውስጥ ግን የለም። ትልቅ ቦርሳ አትያዙ፣ ፍተሻ አለ። ደወሉን ለማየት ቲኬት አያስፈልግም። ለኢንዲፔንደንስ ሆል ግን ከመጋቢት እስከ ታኅሣሥ ባሉት የፈረንጅ ወራት ሰዓት የተጻፈበት ቲኬት ቀድሞ መያዝ ያሻል። መግቢያው ነጻ ነው፤ ለቀጠሮ የሚከፈለው ለአንድ ሰው አንድ ዶላር ነው። እኔ የጠዋቱን ትቼ የቀትር በኋላውን ይዣለሁ። ምክንያቱ የማሳያቸው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ቃል የተገባበትን ክፍል ካሳየኋቸው የቀረው ሁሉ ጭማሪ መስሎ ይታያል። በሰው ልጀምር አልኩ።

እዚያው የጎብኚዎች ማዕከል አጠገብ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ዋና ከተማዋ ፊላደልፊያ በነበረችበት ጊዜ የኖረበት ቤት ቦታ አለ። ቤቱ ራሱ ፈርሷል። አሁን ያለው ጣሪያ የሌለው የግድግዳና የመስኮት ቅርጽ ነው። በመስታወት ሥር ደግሞ በ2007 ሲቆፈር የተገኘው የመሠረቱ ድንጋይ ይታያል። ከ1790 እስከ 1797 ዋሽንግተን እዚህ ሲኖር በባርነት የያዛቸው ዘጠኝ ሰዎች አብረውት ነበሩ።

ነገሩን የሚያከፋው ሕጉ ነው። ፔንሲልቬኒያ በ1780 ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ አውጥታ ነበር። ከሌላ ግዛት የመጣ ሰው ይዟቸው የመጣቸው ባሪያዎች ስድስት ወር ከቆዩ ነጻ ይወጣሉ ይላል። ዋሽንግተን ታዲያ ስድስት ወሩ ከመሙላቱ በፊት ሰዎቹን ከግዛቱ ያስወጣና መልሶ ያስገባቸው ነበር፣ ቆጠራው እንደገና እንዲጀምር። ይህን ስታነቡ ስለ ሰውየው የተማራችሁትን ሁሉ መጣል አያስፈልግም። አብሮ መያዝ ግን ያስፈልጋል። ልጄ ትምህርት ቤት ስለ ዋሽንግተን ብዙ ተምራለች። ስለዚህ ቆጠራ ግን ከእኔ ነው የምትሰማው።

ከዘጠኙ አንዷ ኦና ጃጅ ነበረች። የፕሬዚዳንቱን ሚስት የምታለብስ፣ ልብስ የምትሰፋ፣ ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ልጅ። ማርታ ዋሽንግተን ለልጅ ልጇ የሠርግ ስጦታ ልታደርጋት እንዳሰበች ሰማች። በግንቦት 1796 አንድ ማታ ቤተሰቡ ራት እየበላ ሳለ ወጥታ ሄደች። የከተማዋ ነጻ ጥቁሮች ደበቋት፣ በመርከብ ወደ ኒው ሃምሽር ተሻገረች። ዋሽንግተን ሰው ልኮ ሊያስመልሳት ሞከረ፤ እምቢ አለች። አግብታ፣ ወልዳ፣ ልጆቿን ቀብራ፣ በድህነት ኖራ በ1848 ሞተች። በሕግ ፊት እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ባሪያ ነበረች። ኦና ባመለጠች በዓመቱ ደግሞ ምግብ አብሳዩ ሄርኩለስ አመለጠ።

በዚህ ቦታ ላይ ምን ይጻፍ፣ ምን ይቅር የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። መታሰቢያው በ2010 የተከፈተው የከተማዋ ጥቁር ነዋሪዎች ለዓመታት ተሟግተው ነው። እኔ መጻፍ አለበት ባይ ነኝ፣ ያለ ምንም ማለሳለስ። ለዚህም ነው ጉብኝቱን ከዚህ የምጀምረው።

ደወሉ የተቀመጠበት ቤት ከዚያ ጥቂት እርምጃ ነው። ሊበርቲ ቤል ሲባል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስንጥቁን ነው። ደወሉ በ1751 ከለንደን ታዘዘ፣ በ1752 ደርሶ ገና ሲሞከር ተሰነጠቀ። ፓስና ስቶ የሚባሉ የአገሩ ብረት ቀላጮች አቅልጠው እንደገና ሠሩት። ክብደቱ ወደ 940 ኪሎ ይሆናል። ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ያ ሰፊው ክፍተት ስንጥቁ አይደለም፣ ጥገናው ነው። ቀጭኑ ስንጥቅ ጠርዙ እየተፋጨ ድምፁን ስላበላሸው በ1846 ሆን ብለው በመሰርሰሪያ አሰፉት። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ የመሰርሰሪያው ጥርስ ምልክት በጠርዙ ላይ ይታያል። ከዚያ ለዋሽንግተን ልደት ደወሉት። ከሰፊው ክፍተት ጫፍ ተነስቶ ወደ ላይ የሚሄድ ሌላ ቀጭን ስንጥቅ ወጣ። ደወሉ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው አልተደወለም።

በደወሉ አናት ዙሪያ የተጻፈው ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ነው፤ በምድሪቱ ለሚኖሩ ሁሉ ነጻነት ይታወጅ የሚለው። ደወሉን የነጻነት ደወል ብለው ስም ያወጡለት እነማን መሰሏችሁ? በ1830ዎቹ ባርነት ይቅር ብለው የሚታገሉ ሰዎች ናቸው። ከዚያ በፊት የምክር ቤቱ ደወል ነበር፣ በቃ። "ሁሉ" የሚለውን አንብበው "ይኸው ራሳችሁ ጽፋችኋል" አሉ። እማዬ ይህን እንደምትወደው አልጠራጠርም። ከመጽሐፍ ጠቅሶ የሚሟገት ሰው ደስ ይላታል።

እነዚያ ታጋዮች የከፈሉትን ዋጋ የሚያስታውስ ቦታም እዚሁ መንገድ ላይ አለ፣ ወደ ሰሜን ሬስ ስትሪት ሳይደርሱ። በ1838 ገንዘብ አዋጥተው ፔንሲልቬኒያ ሆል የሚባል ትልቅ አዳራሽ ሠሩ። ሌላ ቦታ አዳራሽ የሚያከራያቸው ስላጡ ነው። በተከፈተ በአራተኛው ቀን ረብሸኛ ሰብሰብ ብሎ አቃጠለው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የጎረቤቱን ቤቶች ውኃ እየረጩ አዳራሹን ተዉት። ዛሬ የቀረው ታሪኩን የሚናገር ሰሌዳ ብቻ ነው። እማዬ ካልደከማት እንደርስለታለን።

ኢንዲፔንደንስ ሆል ውስጥ የሚያስገቡት በቡድን ነው፤ አስጎብኚው የፓርኩ ሬንጀር ነው። ክፍሉ ከምትገምቱት ያንሳል። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች፣ የላባ ብዕሮች፣ ፊት ለፊት አንድ ከፍ ያለ ወንበር። የነጻነት አዋጁ በ1776 የጸደቀው፣ ሕገ መንግሥቱም በ1787 የተፈረመው በዚሁ ክፍል ነው። የወንበሩ መደገፊያ አናት ላይ ግማሽ ፀሐይ ተቀርጿል። ሕገ መንግሥቱ ሲፈረም ሽማግሌው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ያቺን ፀሐይ እያየ፣ ትውጣ ትግባ ሳላውቅ ቆይቼ ነበር፣ አሁን ግን የምትወጣ መሆኗን አወቅሁ እንዳለ ተጽፏል። ደስ የሚል ንግግር ነው። ግን ያው ሰነድ ባሪያን ለውክልና ሲቆጥር አንድን ሰው ሦስት አምስተኛ አድርጎ ነው። ቶማስ ጀፈርሰንም "ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጠረ" የሚለውን የጻፈው ከዚህ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሰባተኛው መንገድ ላይ ተከራይቶ በተቀመጠበት ቤት ነው። የሚያገለግለው ሮበርት ሄሚንግስ የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነበር፣ በባርነት የያዘው። ልጄ እንግዲህ ከሱ ብዙም አታንስም። ይህን ስነግራት ምን እንደምትለኝ አላውቅም፤ ጥያቄዋን ግን ለመስማት እዚያው ክፍል በር ላይ እንቆማለን።

ከኢንዲፔንደንስ ሆል ጀርባ ዋሽንግተን አደባባይ አለ፣ ከፔን አምስቱ አንዱ። ጥላ አለው፣ ምሳ በልቶ ለማረፍ ይሆናል። ከሣሩ ሥር ግን የአብዮቱ ጦርነት ወታደሮች፣ ድሆችና በ1793 በቢጫ ወባ የረገፉ ሰዎች ተቀብረዋል። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን አፍሪካውያን በበዓል ቀን እዚህ ይሰበሰቡ ነበር። በየአገራቸው ቋንቋ እየዘፈኑ ሙታናቸውን ያስቡበት ስለነበር ኮንጎ አደባባይ ተብሎ ነበር።

ቢጫ ወባው ወደ መጨረሻው ቦታችን ይወስደናል፤ ሎምባርድ ስትሪት ጥግ ወዳለው ማዘር ቤቴል ቤተ ክርስቲያን። ከጉዞው ሁሉ እኔን የሚያጓጓኝ ይህ ነው።

ሪቻርድ አለን በባርነት ተወልዶ ነጻነቱን በገንዘቡ የገዛ ሰባኪ ነበር። እሱና ወዳጁ አብሳሎም ጆንስ ሴንት ጆርጅ በሚባል የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ይጸልዩ ነበር። አንድ እሑድ ጥቁሮች የተመደበላችሁ ቦታ ይህ አይደለም ተብሎ፣ ጆንስ ተንበርክኮ እየጸለየ ሳለ ከጉልበቱ ሊያነሱት ጎተቱት። ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠብቁ አለ። አልጠበቁም። ጸሎቱ ሲያልቅ ሁሉም ተነስተው ወጡ፣ አልተመለሱም። አለን በ1791 መሬቱን ገዛ፣ በ1794 ቤተ ክርስቲያኑ ተከፈተ። መሬቱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከጥቁሮች እጅ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ያለው ሕንፃ በ1890 ገደማ የተሠራ ነው። የአለንና የባለቤቱ የሣራ መቃብር ከሥሩ ነው፤ ትንሽ ሙዚየምም አለ። ለመጎብኘት ቀድሞ መደወል ይሻላል።

በ1793 ቢጫ ወባ ሲገባ ከከተማዋ ሕዝብ አንድ አሥረኛው፣ ወደ 5,000 ሰው አለቀ። ሀብታሙ ሸሸ። ጥቁሮችን በሽታው አይዛቸውም የሚል የተሳሳተ ግምት ነበርና አለንና ጆንስ እንዲረዱ ተጠየቁ። ሰዎቻቸውን አሰባስበው ሕመምተኛ አስታመሙ፣ ሬሳ ቀበሩ፤ ከእነሱም ብዙ ሞተ። በኋላ አንድ አሳታሚ በሰው መከራ ገንዘብ ሰበሰቡ፣ ዘረፉ ብሎ ጻፈባቸው። ሁለቱ በ1794 መልስ አሳተሙ፣ ወጪና ገቢውን ሳይቀር ዘርዝረው። በዚያው ጽሑፍ መጨረሻ አካባቢ የጠቀሱት ከመዝሙረ ዳዊት ነው፤ ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች የሚለውን።

እኛ ዘንድ ያኔ ዘመነ መሳፍንት ነበር። አለንና ጆንስ ኢትዮጵያን አላዩም፣ ኢትዮጵያዊ አግኝተው ስለመሆኑም አላነበብኩም። ግን የአገራችንን ስም ይዘው ክብራቸውን ተሟገቱበት። እማዬ ያን ጥቅስ በቃሏ ነው የምታውቀው። አሜሪካ መጥታ እንዲህ ያለ ቦታ እንደሚጠብቃት ግን አልነገርኳትም፤ እዚያው በሩ ላይ ነው የምነግራት።

ስለ ምግብ ትንሽ ልበል። ሬዲንግ ተርሚናል ገበያ በ1893 ከባቡር ጣቢያ ሥር የተከፈተ ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ኤሚሽ የሚባሉት፣ በጥንቱ አኗኗር የሚኖሩ ክርስቲያን ገበሬዎች ከገጠር መጥተው የሚሸጡበት ክፍል እሑድና ሰኞ ዝግ ነው። የምንገባው ረቡዕ ስለሆነ እማዬ ትጾማለች። ፕሬትዝል የሚባለው ትኩስ ጥምዝ ዳቦ ሲወጣ ቅቤ ስለሚቀባ "ቅቤ ሳይነካው" ብላችሁ እዘዙ። ፍራፍሬና ፈላፍል ሞልቷል። ማታ ደግሞ ወደ ዌስት ፊላደልፊያ እንሄዳለን። 45ኛው መንገድና ባልቲሞር ጎዳና አካባቢ የእኛና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች አሉ። ሙሉ የጾም በያይነቱ ይዘን ስንቀመጥ የቀኑ ወሬ ያን ጊዜ ነው የሚጀመረው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ኤልፍሬትስ አሌ የምትባለውን ጠባብ የድንጋይ መንገድ እናያለን፣ ሰው እስከ ዛሬ የሚኖርባት። የፍራንክሊን መቃብርም በመንገዳችን ነው። ከዚያ አምስተኛው መንገድ ላይ፣ አርች ስትሪት አጠገብ እንቆማለን። ዊልያም ስቲል የሠራበት የፀረ ባርነት ማኅበሩ ቢሮ በዚያ አካባቢ ነበር። ስቲል ከደቡብ ያመለጡ ሰዎችን እየተቀበለ ስማቸውን፣ የወላጆቻቸውን ስም፣ የመጡበትን ይመዘግብ ነበር። በ1850 አንድ ጎልማሳ ሰው መጣ። ነጻነቱን ገዝቶ ነበር የመጣው፤ ከ40 ዓመት በፊት የተለየውን ቤተሰቡን እየፈለገ። ስቲል የእናትና የአባቱን ስም ጠየቀው። ሰውየው ሲመልስ የጠራው የስቲልን እናትና አባት ነበር። እናታቸው ስታመልጥ ሁለቱን ወንዶች ልጆች ይዛ መሄድ አልቻለችም፤ ይህ ከሁለቱ አንዱ፣ ፒተር፣ ወንድሙ ነው። ስቲል ከዚያ ወዲህ መዝገቡን በበለጠ ጥንቃቄ ያዘ። ያ መዝገብ በ1872 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፣ ብዙ ቤተሰብም ዘመዱን የሚፈልግበት ሆነ። እኛም ቤት በቀይ ሽብር ጊዜ ወጥቶ የቀረ አጎት አለ። እማዬ ይህን ታሪክ ቆማ የምትሰማው አይመስለኝም፤ ለዚህ የሚሆን አግዳሚ ወንበር ካርታ ላይ ምልክት አድርጌያለሁ።

ጀርመንታውን የሚባለውን የፊላደልፊያ ሰፈር በዚህ ጉዞ አላካተትኩም። ያሳዝነኛል። በ1688 አራት ሰዎች በቅኝ ግዛቶቹ ውስጥ ባርነትን በጽሑፍ የተቃወሙት እዚያ ነው፤ በ1768 የተሠራውና ያመለጡ ሰዎች የተደበቁበት የጆንሰን ቤትም እዚያው ነው። ከመሃል ከተማው ራቅ ስለሚል ከነዚህ ሁለት ቀኖች ጋር ብጨምረው እማዬን ያደክማታል፣ ለቦታውም አይመጥነውም። ለብቻው አንድ ቀን ይገባዋል። ከልጄ የትምህርት ቤት ዕረፍት ጋር የሚገጥም ቀን እየፈለግሁለት ነው።